ጣሪያው ላይ ያለው የኦታካር ዘመድ

ኦታካርን ውሸታም ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ እውነት ብቻዋን ስትሄድ ስለሚያሳዝነው አጃቢ የሚጨምርላት ሰው ነው። ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ ቢራ ከቀመሰ ወሬው ያው ነው፤ "ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ሲሠራ ሠዓሊው የከተማችንን ሰው ፊት እያየ ነው ጣሪያውን የሣለው። ሰይፍ የያዘው ትልቁ መልአክ የኔ ቅድመ አያት ነው።"

ማን ይከራከረዋል? የቤተ መንግሥቱ ባለቤት የነበረው መስፍን ከተባረረ ወዲህ ቤቱ የወታደር ሠፈር፣ ቀጥሎም የእህል ጎተራ ሆኖ፣ በመጨረሻ ተቆልፎ ቀርቷል። ጣሪያውን ያዩት አይጦች ብቻ ናቸው። ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። ቤተ መንግሥቱ ታድሶ የሥዕል ሙዚየም ሆነና ለሕዝብ ተከፈተ።

"እሑድ እንሂድና መልአክህን አሳየኝ" አለችው ሚላዳ።

ሚላዳ ጎረቤቱ ናት፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል። ኦታካር እንጋባ ካላት ሰነባብቷል፤ እሷ ግን መልሷን ይዛ ቁጭ ብላለች። "አንድ ውሸታም ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ ለመቅበር ጉልበት የለኝም" ነው የምትለው። ኦታካር ደግሞ መልአኩን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ቅዳሜ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በኛ አገር ቤተ መንግሥት የሚገባ ሰው፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ የእንጨቱ ወለል እንዳይጫር ከጫማው በላይ ሰፊ የሱፍ ነጠላ ጫማ ያጠልቃል። ሚላዳ ልኳን መርጣ ማሰሪያውን ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ኦታካር ወንድ ነውና ትልቁን አነሳ፤ ማሰሪያውንም ናቀው።

አዳራሹ ገቡ። ያን ቤት የሠሩት ሰዎች ባዶ ግድግዳ ሲያዩ ያማቸው ነበር መሰለኝ፤ ወርቅ ያልተለቀለቀ፣ ያልተጠማዘዘ ነገር አልተዉም። መልአኩ መሐል ጣሪያው ላይ ቆሟል፤ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነው። ኦታካርን ደግሞ ከተማው የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የጎመን ቅጠል።

"ይኸውልሽ" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ጆሮውን ፀጉሩ ሸፈነው እንጂ ቁርጥ እኔን ነው።"

ሚላዳ ከቦርሳዋ የሟች ባሏን የአደን የሩቅ ማያ መነጽር አወጣች። ኦታካር ምን ይዋጠኝ አለ።

"ከእግሩ ሥር የተዘረረውን ሰይጣን አይተኸዋል?" አለች ቀስ ብላ። "አፉን የከፈተውን። ጆሮውን እይ።"

"አላውቀውም። አንቺ መልአኩን እይ፤ ከዚህ ጋ ሆነሽ..." ብሎ ሊያሳያት ወደ ኋላ ሲራመድ ያ ትልቅ ነጠላ ጫማ ከዳው። በጀርባው ተዘረረ፤ እግሩ ተንፈራጦ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ጆሮው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

ወንበሯ ላይ ታንቀላፋ የነበረችው ጠባቂ ሮጣ መጣች። እሱን አየች፤ ጣሪያውን አየች፤ እንደገና እሱን አየች።

"ተጎዱ እንዴ አባቴ?" አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘመድዎ ነው?"

አዳራሹ ሙሉ ሰው ቀና ብሎ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። ኦታካር ሚላዳን አያት። አሁንም ሌላ ውሸት ይጨምራል ብላ እየፈራች መሆኗ ገባው፤ አፈረ።

"ዘመዴ ነው" አለ ከወለሉ ላይ። "መልአክ ነው ያሉኝ አያቴ ናቸው። እኔም ሳላየው አየሁት እያልኩ ስምል ኖርኩ። መልአኩን አላውቀውም። የኔ ሰው ከታች ያለው ነው።"

አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሚላዳ ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ያ ውሸታም ሟች ባሌ ቁርጥ መልአኩን ነበር የሚመስለው" አለች። ከዚያ ተንበርክካ የነጠላ ጫማውን ማሰሪያ አሰረችለት። "ተነስ። በመኸር እንጋባለን።"

ሠርጉ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሆነ። የፕሪም አረቄው ሲዞር አንዱ "እህሳ ኦታካር፣ መልአኩ እንዴት ነው?" ብሎ ቆሰቆሰው።

"መልአክ አይደለም፤ ሰይጣን ነው" አለ ሙሽራው። "ግን ተራ ሰይጣን እንዳይመስላችሁ። የሰይጣኖቹ ሁሉ አለቃ፣ እንዲያውም ሠዓሊው ራሱ..."

"ኦታካር" አለች ሚላዳ በቀስታ። "ቀና በል።"

ኦታካር ቀና አለ። የመጠጥ ቤቱን ጭስ የጠገበ ጣሪያ ጥቂት አየና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እሺ" አለ። "ተራ ሰይጣን ነው።"