አሸዋ ከነምርቃቱ

አክስቴ ማሚትና ባሏ ጋሽ አለልኝ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ አሸዋ የሚያፈሰው ሞተር ተበላሽቶ ገና ጸጥ ማለቱ ነበር። ቡርንስቪል የሚባል ከተማ ክርስትና ተጠርተን እኔን ሊወስዱ ነው የመጡት።

«ትሕትና፣ እስካሁን አልለበስሽም?» አለች አክስቴ።

በእጄ ወደቆመው ሞተር አመለከትኳት። ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለው ላቦራቶሪያችን፣ ክፍል በሚያህል ገንዳ ውስጥ፣ ትንሽ ወንዝ ወደ ትንሽ ባሕር ይፈስሳል። ባሕሩ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ወንዙ የሚያመጣው አሸዋ ደግሞ ዳርቻውን ይገነባል። ዳርቻው እንዳይሰምጥ ምን ያህል አሸዋ ይበቃዋል? ጥያቄዬ ይህ ነው። እስከዚያ ቀን የሞከርኳቸው ዳርቻዎች ሁሉ ሰምጠዋል። ገንዳው ከነገ ጀምሮ የሌላ ተማሪ ስለሆነ ይህ የመጨረሻ ሙከራዬ ነበር። አሸዋው ከተቋረጠ አለቀልኝ።

ሰው ማስቸገር አልወድም። ቢሆንም ስልኬን በየጥቂት ደቂቃው እንዲጮህ ሞላሁ፤ ኩባያ አነሳሁና፣ «ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንድ ኩባያ አሸዋ፣ አናቱ የተስተካከለ» አልኩ።

ጋሽ አለልኝ ኮቱን አውልቆ የአሸዋውን ከረጢት ያዘ። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ደቦ ከሆነ ጠላው የታለ?» አለ እሱ።

«ያው ሚሲሲፒ! ጎንበስ ብለህ ጠጣ» አለች አክስቴ።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ዳርቻውን ስለካ ቆየሁ። ዞር ስል፣ አክስቴ ኩባያውን ከደፋች በኋላ በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ስትጨምር አየኋት።

«አክስቴ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ምርቃቱ ነዋ።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ታዲያ! በርበሬ ስሸጥ አንድ ሰው ያለ ምርቃት ሸኝቼ አላውቅም። ለወንዝ ልሰስት?»

«ተይ ብያት ነበር» አለ ጋሽ አለልኝ።

«አንተማ ቆንቋና ነህ!»

ያሰብኩት ልክ ጠፍቷል። ደግነቱ ከረጢቱ ሲከፈት ተመዝኗል፤ የቀረውን ብመዝነው የገባው ይታወቃል። ይህን እያሰብኩ ውሃውን አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ የሰመጡበትን ከፍታ አልፎታል። ዳርቻው ግን ደረቅ ነው። ባሕሩ መጨረሻው ምልክት ላይ ደርሶ እስኪቆም ጠበቅሁ። ዳርቻው እንደቆመ ነው።

«ይሄን ሁሉ ያስጨነቀችሽ ይቺ ናት?» ብላ አክስቴ ጣቷን ወደ አሸዋው ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!»

ጩኸቴ አዳራሹን ሞላው። አክስቴ እጇን ሰበሰበች፤ ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ይቺ ልጅ ድምፅ አላት ለካ!» ሲል ሰማሁት ጋሽ አለልኝ። እኔ ሚዛኑን ለማምጣት እየሮጥኩ ነበር።