የአራተኛው ክፍል ሙቀት

ስሙን ያወጡለት ተመራማሪዎቹ ናቸው፤ «ጋሽ ዲግሪ» ይሉታል። ሰውየው ዩኒቨርሲቲ ደጅ ደርሶ አያውቅም። ግን የምርምር ጣቢያው አሥራ ሁለት የተክል ማሳደጊያ ክፍሎች ሙቀትና እርጥበት በሱ እጅ ስለሆነ፣ ዶክተሩም ፕሮፌሰሩም ዲግሪ ለማስተካከል እሱን ደጅ ይጠናሉ።

በአራተኛው ክፍል የምትሠራ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። አርባ ዓይነት አደንጓሬ በሠላሳ ዲግሪ አሳድጋ፣ ሙቀት የሚችለውን ለመለየት ሁለት ዓመት ለፍታለች። ዘንድሮ የመጨረሻው ሙከራ ነበር። አደንጓሬዎቹ አምሮባቸው አበቡ፤ ከዚያ አበባቸውን ወለሉ ላይ አራገፉት። ከአርባው ዓይነት ፍሬ የያዙት ስድስቱ ብቻ ናቸው። አማካሪዋ «ዘሮችሽ አይረቡም፣ ሌላ ርዕስ ፈልጊ» አላት። ዓርብ ክፍሉን ልትለቅ ተስማማች።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ዲግሪ ክፍሉን ለሚቀጥለው ሰው ሊያሰናዳ ገባ። የእጅ ቴርሞሜትሩን እንደ ልማዱ ቅጠሎቹ መሃል ሰካ። ሠላሳ ሦስት አለ። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ሠላሳ ይላል። ቀና ብሎ ሲያይ፣ ሙቀት ለኪዋ ሽቦ ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ተንጠልጥላለች፤ ሰሌዳው የቀዳዳውን ቅዝቃዜ እያነበበ ክፍሉ ከልኩ በላይ ሲሞቅ ከርሟል። ከሦስት ወር በፊት ማራገቢያውን ሲቀይር ለእጁ ቦታ እንድትለቅ ወደዚያ የገፋት ራሱ ነው። አልመለሳትም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።

ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። ሽቦዋን ወደ ቦታዋ ቢመልስ ማንም አያውቅም። ምሳውን ሊበላ ቤት ሄዶ እንጀራውን ሲቆራርስ፣ ሚስቱ ጠይቃ ጠይቃ ነገሩን ከአፉ አወጣችው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤» አላት።

«ይባላል። እስኪጠራ ማደሩን ግን ለምን በልጅቷ ላይ ታደርገዋለህ?» አለችው።

ምሳውን ሳይጨርስ ተመለሰ።

ተማሪዋን አደንጓሬዎቹ የተተከሉባቸውን ማሰሮዎች በጋሪ ላይ ስትደረድር አገኛት። «ልጄ፣ ቆይ አንዴ፤» አላት። «ጥፋቱ የዘሮቹ አይደለም። ያንቺም አይደለም። የኔ ነው።» ሽቦዋን አሳያት፤ ቴርሞሜትሩንም በእጇ ሰጣት።

ቁጥሩን አየች። «ጋሼ፣ ለእናቴ ደውዬ ‹አልቻልኩም፣ አእምሮዬ ለዚህ አይሆንም› አልኳት እኮ፤» አለች ድምጿን ሳታነሳ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ግን ወደ ጋሪው ዞረች። «ታዲያ እነዚህ ስድስቱ ፍሬ የያዙት በሠላሳ ሦስት ነው ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

አንዱን ማሰሮ አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። እሱም ሁለተኛውን አነሳ።

የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ አብረው ገቡ። ኃላፊው ለጋሽ ዲግሪ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ ሳይከራከር ፈረመ። ለልጅቷ ደግሞ ስድስቱን ዘሮች በሠላሳ ሦስት ዲግሪ ደግማ እንድትሞክር አራት ወር ተጨመረላት። በነዚያ ወራት ጋሽ ዲግሪ ማልዶ እየመጣ በክፍሉ አራቱም ማዕዘኖች ሙቀት ይለካል፤ እሷ ከጎኑ ቆማ ራሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ ላይ ከቁጥር በቀር አይነጋገሩም ነበር። ኋላ ስለ እናቷ የልብ ሕመም ነገረችው፤ እሱም ራቅ ያለ ከተማ ስላገባችው ልጁ አወራላት።

አዝመራው ሲደርስ ከስድስቱ ሁለቱ በዚህኛው ዙር አበባቸውን አራገፉ። አራቱ ግን ያዙ። አማካሪዋ መጥቶ ፍሬዎቹን አገላብጦ አየና «ጥሩ ነው» ብሎ ወጣ፤ ከሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ጋሽ ዲግሪ ሥራ ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከተማሪዋ ጋር ወንበር ስበው አደንጓሬ ሲፈለፍሉ ዋሉ።

«ለመሆኑ፣ አሁንም ትናደጂብኛለሽ?» አላት።

«ትንሽ፤» አለችው፣ ገና ያልተፈለፈለውን ከረጢት ወደሱ እየገፋች።