የሚዜው መሐላ

ማንደፍሮ ሲሞት የትነበርሽ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች እንጂ ስለ ቤቱ አላሰበችም። ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ ሻርሎይስ ሰፈር ያለችውን ጠባብ ቤት እሱ በባሕረኛነት ለፍቶ ገዝቷት፣ እሷ መጋረጃዋን ሰፍታ፣ ግድግዳዋን ቀብታ ዐሥር ዓመት ኖረውባታል። ከዚያ ማን ያስወጣኛል ብላ ትጠርጥር? አርባው ሳይወጣ ግን የባሏ ታናሽ ወንድም ወልደየስ «ወንድሜ ሚስት አልነበረውም፤ ወራሹ እኔ ነኝ» ብሎ ሮተርዳም ፍርድ ቤት ከሰሳት።

ሰውየው ባዳ ቢሆን ምን ነበረበት! ጎንደር ላይ ስትዳር አንደኛ ሚዜው እሱ ነበር። ወረቀቱ ግን ለእሱ አደላ። የትነበርሽ ተሰዳ ስትገባ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ያላገባችን ቶሎ ይቀበላሉ» ብሎ መክሯት፣ ለስደተኞች ፖሊስ «አላገባሁም» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዛሬ ነገ ስትል ሳታስተካክለው ቀረች። ሠርጓን ያየ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ከወልደየስ በቀር የለም።

ዳኛው ሁለቱም ቀርበው በመሐላ ቃላቸውን እንዲሰጡ አዘዙ።

ወልደየስ «ወገቤን» ብሎ አምስተርዳም ኖርድ ካለው ቤቱ አልተነሣም። በጠበቃ አፍ መክሰስ ቀላል ነው፤ በሐሰት መማል ግን ልጅ ያስቀስፋል እየተባለ አድጓል፤ እሱም ልጆች አሉት። የትነበርሽም ዴን ሃግ ከተማ የምታጸዳበት ሆስፒታል ውስጥ ተደብቃ ዋለች። «ሚስቱ ነኝ» ብላ ከማለች የዱሮው ውሸቷ ይወጣል፤ የመኖሪያ ፈቃዷን ነጥቀው የሚያባርሯት መሰላት። ጠበቃዋ ቢለምናትም ቢቆጣትም «እሺ» ብቻ ነበር መልሷ። በሁለተኛውም ቀጠሮ ሁለቱም ቀሩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነትን የሚያውቋት ሁለቱ ሲሸሿት ግን እሷ በምን አፏ ትናገር? ዳኛው በወረቀቱ ፈረዱ። ወረቀቱ «ያላገባች» ይላል፤ ቤቱ የወልደየስ ሆነ።

«ቀርበሽ ብትናገሪ ኖሮ እኮ ለዚያ ለዱሮ ቃልሽ ማንም አያባርርሽም ነበር» አላት ጠበቃዋ። የትነበርሽ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። እንደዚያን ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም። ባሏን በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ ካደችው።

ወልደየስ ቁልፉን ሊቀበል የመጣው በዝናብ ነው። እንደ ወትሮው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ዓይኗን ማየት ግን አቃተው።

«እህቴ፣ እንደ ጠላት አትዪኝ» አላት። «እግዜር ያውቃል፣ በሐሰት አልማልኩብሽም።»

«አልማልክም» አለች የትነበርሽ። «የሠርጌ ለት ግን ምለሃል። አባቴ እጄን ሲሰጥህ ‹ወንድም እሆናታለሁ፤ ባሏ ቢበድላት እቆምላታለሁ፤ ባሏ ቢሞት ሜዳ ላይ አልጥላትም› ብለህ መስቀል ስመሃል። ረሳኸው?»

አልረሳውም። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ልጆቼ...» አለ ወልደየስ።

«እግዜር ይጠብቅልህ፣ ሚዜዬ» አለችው። ከልቧ ነበር። ከዚያ ሻንጣዋን አንሥታ በዝናቡ ወደ ሜትሮው ባቡር ጣቢያ ሄደች።