ተቀብሎ የሚያስወጣው ሰርቨር

ያን ቀን ጠዋት ስልኬ አንዴም አልጮኸም። እኔ ደግሞ ስልኬ ባይጮህ የምመርጥ ሰው ነኝ። የማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሆንኩ የሚደወልልኝ የሆነ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው፤ እንዴት አደርሽ ለማለት የደወለልኝ ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍሌ ከሰርቨሩ ጎን ተቀምጬ፣ የተጠላለፉ ገመዶች እየፈታሁ፣ በሰላም አረፈድኩ።

ሰላሙ የመጣው በአለቃችን ብልሃት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሠራተኛውን ሁሉ የይለፍ ቃል አስቀይሬያለሁ። በየዓመቱ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ መከራ ናቸው፤ "ጠፋኝ"፣ "ትናንት ነበረኝ"፣ "ልጄ ነው የነካካው" የሚል ሰው ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ዘንድሮ ግን ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ "ከእንግዲህ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ለቤቱ ሁሉ ኬክ ይገዛል!" ብሎ አወጀ። የእኛ ቤት ሰው ደግሞ በሰው ኪስ ኬክ ሲበላ ምሕረት የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ረፋዱ ላይ ውሃ ልቀዳ ወደ ላይ ስወጣ ግን ቤቱ እንግዳ ሆነብኝ። ገጽ አቀናባሪያችን፣ ከዝግመቱ የተነሣ "መብረቅ" እያልን የምንጠራው፣ የኮምፒውተሩን ቁልፎች በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል። ገንዘብ ያዥዋ መሳቢያዋን ገልብጣ እስክሪብቶዎቿን በየቀለማቸው ትለያለች። የሥራ አስኪያጁ በር ተዘግቷል፤ "ስብሰባ ላይ ነኝ" የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል።

"ምን ተገኘ? እንግዳ ይመጣል እንዴ?" አልኩት መብረቅን።

"ሰው ዕቃውን ቢያጸዳ ምን ይገርማል?" አለኝ ቀና እንኳ ሳይል።

ይህ ሰው ደግሞ ትጋት ከየት አመጣ ብዬ እየሳቅኩ ወረድኩ። ክፍሌ ጋ ስደርስ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አራሚ ናት። መጽሐፍ ወደ ማተሚያው ማሽን ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ዓይን የእሷ ነው። እዚህ ሥራ ስጀምር "ቤት አክስትሽ ነኝ፤ እዚያ ግን እንደ ማንም ሰው እትዬ በዪኝ፣ እርስዎም በዪኝ" አለችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቁርስ ላይ "አንቺ" ስላት ቆይቼ የማተሚያ ቤቱን በር ስናልፍ "እርስዎ" እላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር፤ አሁን ምላሴ በሩን ያውቀዋል።

"እትዬ፣ ምነው? ይግቡ እንጂ።"

ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። የእጅ ቦርሳዋን እንደታቀፈች ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

"ለአለቃ ከመንገሬ በፊት አንቺ ስሚው ብዬ ነው" አለች። "ረሳሁት።"

"ምኑን?"

"ፓስዎርዴን። ከጠዋት ጀምሮ ብጽፍ ብጽፍ አላስገባኝ አለ።"

"እሰይ! በሉ እንግዲህ ኬክ ይምጣ!" ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷን ሳየው የእኔም ሳቅ አፌ ላይ ደረቀ።

አያቴ፣ ማለት የአክስቴ እናት፣ የመጨረሻ ዓመታቷን ሁሉን ነገር ረስታ ነው ያለፈችው። የጀመራት በትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች በገዛ በሯ ፊት ቆመች፤ እንዴት እንደሚከፈት ጠፋት። እያደር ልጇን "አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?" ማለት ጀመረች። ያንን ሁሉ ዘመን ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ማን እንደሆነች በየቀኑ የነገረቻት አክስቴ ናት።

"እኔም ላይ ጀመረ" አለች አክስቴ። "ልክ እንደ እማዬ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።"

"ኧረ በፈጠረዎት! አንድ ፓስዎርድ ነው እኮ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ አዲስ እሰጥዎታለሁ።"

"አዲሱ ምን ያደርግልኛል? በእሱ ብገባ ያኛውን መርሳቴ ይቀራል?" ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። "እጄ ላይ ያለው መጽሐፍ የነርሶች ነው። ለሕፃን ስንት፣ ለአዋቂ ስንት መድኃኒት እንደሚሰጥ የሚናገር። ዛሬ የመጨረሻውን እርማት ላስረክብ ነበር። ጭንቅላቱን የማያምን ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መንካት የለበትም። ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔም ይብቃኝ፤ ሰው ሳያዝንልኝ በእግሬ ልውጣ።"

አንጀቴን በላችው። ይህች ሴት ጋዜጣ ስታነብ እንኳ በእርሳስ የምታርም፣ የሱቅ ምልክት ላይ የጎደለ ፊደል ካየች ባለሱቁን ጠርታ የምትነግር ሰው ናት። ያለዚህ ሥራ ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈለግኩም።

"ምናልባት የሰርቨሩ ችግር ቢሆንስ?" አልኩ።

"ሌሎቹ እየሠሩ አይደል? ዞሬ አይቻለሁ፤ ማንም ምንም አላለም።"

እውነቷን ነበር። ሰርቨሩ ቢበላሽ ኖሮ ስልኬ እስካሁን በጩኸት ይፈነዳ ነበር። ጠዋት ዝም በማለቱ ያመሰገንኩት ስልክ አሁን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ሳየው ደሜ ፈላ። እባክህ ጩህ፣ አንድ ሰው ደውሎ ይጨቅጭቀኝ፣ ይሳደብልኝ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። ስልኩ እንደሆነ ወይ ፍንክች። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አክስቴን ከማጽናናት ይልቅ ራሴን ለማጽናናት ነበር ቀጥሎ ያለውን የጠየቅኳት።

"ለመሆኑ ሲጽፉት ምን ይላል?"

"ምን ይላል... 'እንኳን ደህና መጡ' ይላል። ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል። ከዚያ መልሶ ፓስዎርድ መጠየቂያው ላይ ያስቀምጠኛል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።"

"'እንኳን ደህና መጡ' ይላል?"

"ሁልጊዜ።"

ብድግ አልኩ። ኮምፒውተሬን አስነሥቼ እንደ ማንም ሠራተኛ በምገባበት በራሴ ስም፣ በራሴ የይለፍ ቃል ልገባ ሞከርኩ። እንኳን ደህና መጡ አለኝ። ጠቆረ። መልሶ በር ላይ አስቀመጠኝ።

"እኔንም አስወጣኝ!" ብዬ ጮኽኩ። በዕድሜዬ ሰርቨር ሲበላሽ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወንበሩን ልገለብጠው ትንሽ ሲቀረኝ ደረጃውን ሽቅብ ሮጥኩ። "ዛሬ ኮምፒውተሩ ያስገባው ሰው አለ?" አልኩ በአዳራሹ መካከል ቆሜ። ገንዘብ ያዥዋ እስክሪብቶዎቿን አየች። መብረቅ የጥርስ ብሩሹን አየ።

"ኬክ የለበትም! እኔንም አላስገባኝም!"

"እንዴ!" አለች ገንዘብ ያዥዋ። "እኔ ብቻ የረሳሁ መስሎኝ ከጠዋት ጀምሮ ጨጓራዬ ሲላጥ ያረፈደው ለዚህ ነው?"

"እኔ ደግሞ" አለ መብረቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ ብሎ፣ "አሞኛል ብዬ ልወጣ ነበር።"

ይህን ጊዜ "ስብሰባ" ላይ የነበረው ሥራ አስኪያጅ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አወጣ። ከኋላው ባዶ ወንበሮች ብቻ ይታያሉ። "እናንተንም ነው እንዴ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሁሉም በየጠረጴዛው የገዛ ጥፋቱን ደብቆ፣ ኬኩን እየፈራ፣ ሥራ የበዛበት ሰው መስሎ አርፍዷል። ይህን ያህል ሰው ሲዋሽ እኔ ከታች ሆኜ ሰላም ነው እላለሁ።

ወደ ሰርቨሩ ተመለስኩ። አክስቴ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ዲስክ ሲሞላም ሰርቨሩ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለእኔ፣ የሚያስቀራት ትንሽ ቦታ አለች፤ በእሷ ገብቼ አየሁ። ዲስኩ ጢም ብሏል። አንድ ሰው ሲገባ ሰርቨሩ ስለ እሱ ጥቂት ነገር የሚጽፍበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ እንግዳውን በክብር ይቀበልና መልሶ ያስወጣዋል። ያጣበበውን ስፈልግ አንድ ፋይል ብቻውን ዲስኩን ሞልቶት አገኘሁ፤ ሰርቨሩ የሚያጋጥመውን እክል ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች አንድ እሮሮ ብቻ። የኮሪደሩን ፕሪንተር አጣሁት። የኮሪደሩን ፕሪንተር አጣሁት። ቀን ከሌት፣ ያለ ዕረፍት፣ እንደ ነዝናዛ ጎረቤት።

ፋይሉን ባዶ አደረግኩትና ፕሪንተሩን ልፈልግ ወጣሁ። ከሥራ አስኪያጁ በር አጠገብ ባለው ኮሪደር ገመዱ ተነቅሎ ወለል ላይ ተዘርግቷል። በእሱ ሶኬት ላይ አዲስ የውሃ ማፍያ ተሰክቶ ይንተከተካል።

"የማን ነው?" አልኩ።

"ሻይ እዚሁ ቢፈላ ጊዜ ይቆጥባል ብዬ..." አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

"ነቅለው መልሰው መሰካቱን ረሱት?"

"ረሳሁት።"

ይህን ቃል መብረቅ ከወዲያ ሰማው። "ረሳሁት አሉ!" ብሎ አዳራሹን አናወጠው። ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃል አይደለም ቢል፣ አዋጁ ስለ ፕሪንተር አይናገርም ቢል የሚሰማው ጠፋ። ገንዘብ ያዥዋ የኬክ ምርጫ መሰብሰብ ጀመረች።

እኔ ግን ልቤ ታች ነበር። "ይሞክሩት እትዬ፤ አሁን ቦታ አለ" አልኳት።

አልተነሣችም። "ሰርቨሩ መታመሙ የእኔን ጤነኛነት አያሳይም" አለች። አራሚ አይደለች! "ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። እኔም ረስቼ፣ እሱም ሞልቶ።"

"እንግዲያው ይፈትኑት" አልኩ። "መጀመሪያ አውቀው የተሳሳተ ይጻፉ።"

ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጠች። መነጽሯን አስተካክላ ስሟን ጻፈች፣ ቀጥላ እንደ መጣላት ቁልፎቹን መታች። ስክሪኑ ላይ በቀይ ወጣ፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም።

ብዙ አየችው። "ይህን ቀይ ጽሑፍ ዛሬ አይቼው አላውቅም" አለች ቀስ ብላ።

"አያዩትም። እሱ የሚወጣው ለረሳ ሰው ነው። 'እንኳን ደህና መጡ' የሚለው ደግሞ ትክክለኛውን ለጻፈ ብቻ። ከጠዋት ጀምሮ በጻፉ ቁጥር አውቆዎታል።" ከዚህ በላይ "እርስዎ" ለማለት ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። "አክስቴ፣ አንቺ አንድም ጊዜ አልረሳሽም።"

ስሟን ዳግመኛ ጻፈች። የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ቁልፎቹን አላየችም፤ ጣቶቿ ራሳቸው ሄዱ። እንኳን ደህና መጡ። ጠቆረ። ከዚያ የነርሶቹ መጽሐፍ ትናንት በተወችው ገጽ ላይ ተከፍቶ ወጣ።

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠራረገች። "ሥራ ቦታ ነን" አለችኝ፣ "አንቺ" ስላልኳት። ግን እጄን ይዛው ነበር፣ ቶሎም አልለቀቀችውም።

ከምሳ በኋላ ኬኩ መጣ። ድርሻዋን በሳህን ይዤላት ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ቀና ሳትል ሳህኑን ካተመችው የእርማት ወረቀት አራቀችውና በቀይ እርሳሷ ጫፍ አንድ መስመር አሳየችኝ። ለሕፃናት በሚሰጠው መጠን ላይ የአሥርዮሽ ነጥቧ ቀርታ አምስት አሥረኛ መሆን የነበረበት አምስት ሆኗል። ያንን ገጽ ከእሷ በፊት ሌሎች ዓይኖች አልፈውበታል፤ ከእሷ በኋላ የሚያየው ነርስ ነበር። ነጥቧን በቀይ አኖረችና ገጹን ገለጠች። ለሌላ ሰው ይስጡት ያለችው መጽሐፍ መሆኑን ሁለታችንም አላነሣንም።

ሥራ ሲያበቃ ልወስዳት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ኮምፒውተሩን ዘግታ ቦርሳዋን አንሥታለች። ከዚያ ቦርሳውን አስቀምጣ ኮምፒውተሩን እንደገና ከፈተችው፣ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች፣ ገባች። ወጣች። ደግማ ገባች።

"የረሱት ነገር አለ እንዴ እትዬ?"

"ምንም አልረሳሁም" አለች ወደ ስክሪኑ እያየች። "እንኳን ደህና መጡ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነው።"