ከጓሮ ያልወጣው ውኃ

ኮከቤ የሰነዘረችው ዶማ ከመሬቱ ነጥሮ ተመለሰ። ከላይ ውኃ ተኝቷል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። የእንስሳት ሐኪሙ ሞቱማ አጥሩ ሥር ተንበርክኮ የላሟን የኋላ እግር ይዟል። የሸኮናዋ መካከል ቆስሎ ይሸታል።

"እትዬ ኮከቤ፣ መድኃኒት ስቀባ ብውል ዋጋ የለውም። ደረቅ መሬት ካላገኘች አትድንም። ከዚያ በኋላ ሉካንዳ ነው።"

"ኧረ እንዲህ አትበል! ጥጃዋ ገና እየጠባ?"

አብነት ሰፈር ውስጥ የግጦሽ ጓሮ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አምና ሣሩ መሐል ጭቃ ሲበዛ፣ የሕንፃ ፎርማን የሆነው ልጇ ቤካ አንድ መኪና ቀይ አፈር አስገልብጦ በመጠቅጠቂያ ማሽን አስደበደበላት። "የልጄን ሥራ እዩልኝ!" ብላ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ውኃው መስረጊያ አጣ፤ ሣሩም ከነሥሩ በሰበሰ።

ሐኪሙ እንደወጣ ቤካ መጣ። ጫማው እንዳይቆሽሽ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እማዬ፣ ምነው በዚህ ዕድሜሽ? ሽጫትና ተገላገይ።"

"የተማርክባትን ላም?"

"እኔን ያስተማረችኝ እናቷ ናት" አለና ሳቀ።

ኮከቤ አልሳቀችም። "አፈሩን ቀስ በቀስ ፈልፍዬ አላላዋለሁ። ውኃው ግን ወደ ወንዙ መውጫ ይፈልጋል።"

"በጎረቤትሽ በነስሪን በኩል ልቀቂው። ቁልቁለት ነው።"

"ቤቷ ሊገባ? ከነልጆቿ ውኃ ላይ ትተኛ? የድሮው ቦይ እኮ አለ። በአንተ ክፍል ሥር ነው የሚያልፈው።"

ቤካ ሲያገባ ይኖርበታል ብላ ቦዩን ደፍና የሠራችው ክፍል ነው። ፀዲን ካገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አልጋው ላይ ግን ማንም ተኝቶ አያውቅም። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላውን ትቀይራለች።

"እንዳትነኪው!" አለ ቤካ። "ላከራየው ነው። ሰው አግኝቻለሁ።"

"ልታከራየው? እኔ እኮ ትመጣለህ ብዬ…"

"እማዬ ደግሞ! ፀዲ የላም ሽታ መች ትችላለች?" ስልኩ ጮኸ። "ሰውየው እሑድ ያየዋል፤ ጠረግ ጠረግ አድርጊው እሺ?" ብሏት ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ኮከቤ ክፍሉን ከፈተች። አንሶላውን ገፈፈች፤ ፍራሹን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። አልጋው ግን ለብቻዋ አልነቃነቅ አላት። አጥሩ ጋ ሄዳ ነስሪንን ጠራች።

ነስሪን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባችና የተራቆተውን አልጋ አይታ ፊቷ ፈካ።

"እሰይ! ቤካ ሊገባ ነው?"

"አይገባም" አለች ኮከቤ። "በዚያ ጫፍ ያዢልኝ፤ ወለሉን ልቆፍር ነው።"