ድምፅ የሌለው ማጨጃ

ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ሌሊት ስትሠራ አድራ ጠዋት ትተኛለች። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት የቤንዚን ማጨጃዬን አስነስቼ የግቢዬን ሳር አጭዳለሁ። ገና ሞተሩ ማጓራት ሲጀምር፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ አጥሩ ላይ ከተፍ ትላለች።

«ጋሼ! አንደኛውን ይግደሉኝና ይገላገሉ!»

«ከሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል።»

«ሳርዎን ፍየል ይብላው!»

«ፍየሏን አንቺ ግዢልኝ።»

እንዲህ ስንነታረክ ሳሩን እረሳዋለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ፊት ለፊት የሚያናግረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ልጄማ በስልክ «አባዬ ደህና ነህ?» ትልና፣ መልሱን ሳትሰማ ሥራ ይጠራታል።

አንድ ቅዳሜ ግን ሲስተር አልጮኸችም። ዐይኗ ደም መስሎ አጥሩን ተደገፈች። «ጋሼ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ከረምኩ። ትናንት የበሽተኛ መድኃኒት ከመሳሳት ለጥቂት ነው የተረፍኩት» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የቤንዚኑንና የባትሪውን ማጨጃ ጎን ለጎን አቆመልኝ። «ቤንዚኑ ጉልበተኛ ነው፤ ግን ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ቀይርልኝ ይላል። ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ መንዳት ነው።»

«ጎረቤት ይሰማዋል?»

«ኧረ ለእርስዎም አይሰማዎት!»

ይህን ያለኝ ሊያስደስተኝ ነበር። ባትሪውን ገዛሁ።

ቅዳሜ ቁልፉን ስጫነው እዝዝ ብቻ አለ። ሳሩ ሳላስበው አለቀ። የሲስተር መጋረጃ ንቅንቅ አላለም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷ ወዝ ገብቶበት፣ «ተባረኩ ጋሼ፤ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው!» ብላኝ እየተቻኮለች አለፈች። ደስ አለኝ። ማታ በሩን ስዘጋ ግን፣ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አፌን እንዳልከፈትኩ ታወቀኝ። በገዛ እጄ ነው፤ ማንን ልውቀስ?

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ሳሩን ጠዋት በባትሪው ጨረስኩ። ከዚያ አሮጌውን ከዕቃ ቤት አውጥቼ፣ ቤንዚን ሞልቼበት፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ መጋረጃዋን ስጠብቅ ዋልኩ። እንቅልፏን ላልነካ ለራሴ ምያለሁ። ከሰዓት መጋረጃው ሲከፈት የማስነሻ ገመዱን ሳብኩት። እምቢ አለ። ደግሜ ሳብኩት፤ አጓራ። በታጨደው ሳር ላይ ወዲያ ወዲህ እነዳው ጀመር።

ሲስተር አጥሩ ላይ ብቅ አለች። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የከፋኝ።

«ምነው ጋሼ፣ አዲሱ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም!»

«ሳሩ እኮ ታጭዷል! ምኑን ነው የሚያጭዱት?»

«ሰው ናፍቆኝ ነው» አልኩ።

«ምን አሉ? አይሰማም!»

ሞተሩን አጠፋሁት። ግቢው ጭር ሲል፣ አጥሩ ድረስ ሄጄ ደግሜ ነገርኳት።