የሚጠጣ ድንጋይ

ዳንድሪያ ላይ ድንጋይ ያልሆነ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፤ ወንዱም ማታ ማታ ከድንጋይ መፍለጫው ካባ የሚመለሰው ከቅንድቡ እስከ እግሩ ቀይ የድንጋይ ብናኝ ለብሶ ነው። እንግዲህ በዚህ መንደር ነው መምህርት ማንጁ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ስለ ድንጋይ ልታስተምር ስትነሳ ድንጋይ የተከለከለችው።

ከትምህርት ቢሮ አንድ የእንጨት ሳጥን መጥቶ ነበር። በውስጡ የድንጋይ ዓይነቶች ስማቸው ተለጥፎባቸው ጥጥ ላይ ተኝተዋል፤ የመጡትም ልጆች በእጃቸው እየነኩ እንዲማሩባቸው ነው። ርዕሰ መምህሩ ጎርዳን ላል ግን ፈርሞ እንደተረከበ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባቸው። ማንጁ ስትጠይቀው፣ አንዱ ቢጠፋ ከጡረታዬ ይቆረጣል አላት። ይዩት ብቻ ብትለው፣ አባቶቻቸው ሲፈልጡት ያዩ የለም ወይ ብሎ መለሰላት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኸው ነው።

«ልጄ፣» አላት ሻዩን ሳህኑ ላይ ገልብጦ እያቀዘቀዘ፣ «እነዚህ ነገ ካባ የሚወርዱ ናቸው። እነሱን ማስተማር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ለምን ትደክሚያለሽ?»

ማንጁ ቆሽቷ አረረ። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር፤ የሚያበሽቃት በቅንነት መናገሩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረችና ጠዋት ልክ እሱ ያላትን አደረገች። ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰሰች።

ልጆቹን ከየቤታቸው አንዳንድ ድንጋይ አምጡ ብላ በግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። አንዱ የተሰበረ የእናቱን ወፍጮ ቁራጭ ይዞ መጣ፣ ጥቁርና ክብደት ያለው። ሌላዋ ከመቅደስ ጥገና የተረፈ የነጭ እብነበረድ ስባሪ አመጣች። ቀዩ አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ፍለጋ አያስፈልገውም፤ የተቀመጡበት የግቢው ንጣፍ እሱ ነው። ማንጁ ጣቷን ውሃ ውስጥ እየነከረች በሦስቱም ላይ አንጠበጠበች። ጥቁሩ ጠብታውን እንደተሸከመ ቆየ። እብነበረዱም እንደዚያው። ንጣፉ ላይ የወደቀው ግን ወዲያው ጠፋ።

«ጠምቶት ነበር፣» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም ተሻምተው ጣታቸውን ነከሩ።

ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ሆነ። ጥቁሩ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የቀዘቀዘ ነው አለቻቸው፤ ቅልጥ አለት ይባላል። ቀዩ አሸዋ ነበር፤ አሸዋው በአሸዋ ላይ ተደርቦ፣ ተጭኖ ድንጋይ ሆነ፤ በፍሬዎቹ መካከል ቀዳዳ ስላለው ነው የሚጠጣው። ነጩ ሌላ ድንጋይ ነበር፤ ምድር ውስጥ ሙቀትና ጭነት ለወጠው። ሁሉም ደግሞ በየተራ ይዞራል፤ ተራራው ተፍቆ አሸዋ፣ አሸዋው ተጭኖ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ሰጥሞ ይበስላል፣ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ይወጣል። ድንጋይ እንኳ እንደተፈጠረ አይቀርም ብላ ጮክ ስትል፣ ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ በኩል እንዲሰማ አስባ ነው።

ዳፑ የምትባለው ልጅ ግን ንጣፉን በመዳፏ እየዳበሰች ነበር። ዳፑ ማለት «በቃን» ማለት ነው፤ ሴት ልጅ የበዛባቸው ወላጆች አማልክት ይስሙን ብለው የሚያወጡት ስም ነው። ማንጁ ስም በጠራች ቁጥር ይህ ነገር ያንገበግባታል።

«ቲቸር፣ ይሄ ድንጋይ ሞገድ አለው፣» አለች ዳፑ። «ኩሬው ሲሸሽ ዳር ላይ ያለው ጭቃ እንዲህ ነው የሚሆነው። አባቴ ነው የፈለጠው።»

እውነቷን ነው። በኒሙ ሥር ያሉት ንጣፎች ሁሉ በደቃቅ ሞገድ የተሸበሸቡ ናቸው። ማንጁ በየቀኑ ስትረግጣቸው ከርማ አንድ ቀን አጎንብሳ አላየቻቸውም። እዚህ ቦታ ድሮ ድሮ፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ውሃ ተኝቶ ነበር አለቻቸው፤ ሞገዱ አሸዋው ላይ ያሳረፈው ምልክት ሳይጠፋ ደነደነ። ልጆቹ ሳቁባት። እናቶቻቸው እንስራ ተሸክመው ግማሽ ቀን የሚሄዱበት አገር ነውና።

«ውሃው ታዲያ የት ሄደ?»

«የመንደሩ ሹም ሸጦት ይሆናል፣» አለ ከኋላ አንዱ፣ ሳቁ ደመቀ።

ዳፑ አልሳቀችም። «አባቴ ደረት ውስጥ የገባው አቧራስ፣ ቲቸር? እሱም ተጭኖ ተጭኖ ድንጋይ ይሆናል?»

ሳቁ ቆመ። የዳፑ አባት ጠፍር አልጋው ላይ እያሳለ መዋል ከጀመረ ቆይቷል። ካባው የመንደሩ ሹም የባንዋር ሲንግ ነው፤ አፍ መሸፈኛ ጨርቅ እንኳ ለሠራተኛ ሰጥቶ አያውቅም። ማንጁ ወደፊት እንማረዋለን አለችና፣ ከአፏ እንደወጣ ራሷን ጠላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የኒሙ ሥር የአራተኛ ክፍል መማሪያ ሆነ፤ ልጆቹ ስለ ውሃ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አሸዋ የሚማሩት ሁሉ እጃቸውን ሞገዱ ላይ አድርገው ነው።

አንድ ቀን ባንዋር ሲንግ ከጆድፑር ከተማ የመጣ የድንጋይ ነጋዴ አስከትሎ ግቢው ገባ። ነጋዴው ኒሙ ሥር ሲደርስ ቆመ፣ ተንበረከከ፣ ንጣፉን አሻሸ። ትልልቆቹ ሆቴሎች አሁን የሚፈልጉት ይህን ሞገዳም ድንጋይ ነው አለ። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ እነዚህ ንጣፎች ጠማማ ናቸው ተብለው ገዢ አጥተው ነበር፤ ባንዋር ሲንግ ከካባው አፍ ላይ ማንሳት ስላቃተው ለትምህርት ቤቱ ጣላቸውና፣ «ከባንዋር ሲንግ ለልጆቻችን» የሚል እብነበረድ በሩ ላይ አስለጠፈ። አሁን ሊነቅላቸው ነው። በምትኩ ነጭ ሴራሚክ ይነጠፋል ተባለ። ጎርዳን ላል የሴራሚኩን ነገር ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች እንደዚያ ናቸው አለ።

ማንጁ ሹሙ ቤት ሄደች። ሰውዬው በረንዳው ላይ ትንባሆውን እያጨሰ ተቀበላት።

«ንጣፉ የልጆቹ ነው፣» አለችው።

«እህቴ፣ የሰጠሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«የጣሉት ነው እንጂ የሰጡት አይደለም። ለሆቴል አይሆንም ሲባል ለልጆች ሆነ። አሁን ለሆቴል ሲሆን ለልጆች አይሆንም?»

ሳቀ። «ልጅ ወለል ይረግጣል እንጂ ወለል ይማራል እንዴ? ይልቅ ሴራሚኩን አመስግኚና ሂጂ። ነገ ጠዋት ሠራተኞች ይመጣሉ።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ማንጁ መንገዱን ሙሉ ይህን እያሰበች፣ ጥርሷን እየነከሰች ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ለልጆቹም ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፤ የዛሬው የመጨረሻ ትምህርታችን ነው፣ ነገ ይነቅሉታል አለች።  ዳፑ ግን፣ ነጋዴው ድንጋዩ ምን ሲሆን ነው የሚገዛው ብላ ጠየቀች። ንጹህ ሲሆን፣ ጠባሳም እድፍም ሳይኖርበት አለቻት ማንጁ፣ ስለ ነጋዴ ማውራት እያስጠላት።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ዲጂኖና መዶሻ ተሸክመው መጡና ኒሙ ሥር ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ሞገዳሞቹ ንጣፎች በሙሉ በዘይት የራሰ ሲንዱር ተቀብተዋል፤ ባለትዳር ሴቶች አናታቸው መሀል የሚያደርጉት ያው ቀይ ዱቄት ነው። ዳንድሪያ ላይ ሲንዱር የተቀባ ድንጋይ ድንጋይ አይደለም፣ አምላክ ነው። አንዲት አሮጊት ቀድማ ደርሳ ቢጫ አበባ አስቀምጣለች። ዋናው ሠራተኛ ዲጂኖውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ይቅርታ እየለመነ ሁለት ጆሮውን ያዘ፣ ጫማውንም አወለቀ። እጃችንን አናነሳበትም አሉ ሁሉም።

ማንጁ በአንድ በኩል ደስ ሊላት በተገባ ነበር። እሷ ግን ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ እንዴት እንደሚፈጠር በእጃቸው እያስነካች አስተምራ፣ መጨረሻው ይሄ? ከልጆቹ አንዱ ነው ያደረገው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል። ጎርዳን ላል ልክ ነበር ማለት ነው የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ከሁሉ በላይ ያቃጠላት እሱ ነው።

ባንዋር ሲንግ ከነጋዴው ጋር ደረሰ። ሠራተኞቹን ተሳደበ፣ አልሰሙትም። ከዚያ ዞር ብሎ ማንጁን አያት፣ ፈገግም አለ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣» አላት። «ድንጋይ ብቻ መሆኑን አንቺው ንገሪያቸው።»

 ዝም ብትል ንጣፉ ይድናል፤ ይህን እሷም፣ እሱም ያውቃሉ። አንድ ቃል መዋሸት እንኳ አይጠበቅባትም፣ አፏን መዝጋት ብቻ። ልጆቹ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። ይህ ሰው ከንጣፉ ጋር ትምህርቷንም ሊነቅል እንደመጣ ገባትና፣ ያን ጊዜ የተሰማት ንዴት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም።

«ድንጋይ ነው፣» አለች። «አሸዋ ድንጋይ። ውሃ ያመጣው አሸዋ ተጭኖ የሆነ። ሰው ስለቀባው አምላክ አይሆንም። የእርስዎ ስም በር ላይ ስለተለጠፈም የእርስዎ አይሆንም። የልጆቹ ድንጋይ ነው።»

አሮጊቷ ረገመቻት። ባንዋር ሲንግ የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ሰምቶ፣ ሰማችሁ፣ እጠቡት ብሎ አዘዘ። ሠራተኞቹ እየተጎተቱ ውሃ በጀሪካን አመጡ፣ በሳሙና ፈተጉ፣ አልሆን ሲል ነጭ ጋዝ አፈሰሱ። ቀዩ ከሞገዱ ጫፍ ጫፉ ላይ ለቀቀ። ከጎድጓዳው ግን አልወጣም፤ ይልቁንም በፈተጉት ቁጥር የሞገዱ መስመር አንድ በአንድ እየደመቀ መጣ። ነጋዴው ተንበርክኮ በጥፍሩ ፋቀው። ከዚያ መዶሻ ተቀብሎ የአንዱን ንጣፍ ጠርዝ ፈለጠ፤ ስባሪው ውስጡ ድረስ በዘይት ጠቁሯል።

«ጠጥቶታል፣» አለ እጁን እያራገፈ። «ይሄንን ማን ይገዛኛል? ፀሐይ በሞቀው ቁጥር ዘይት ሊተፋብኝ?»

ሁሉንም እየዞረ አየና መኪናው ውስጥ ገባ። ባንዋር ሲንግ ፊቱ ቀልቶ ማንጁ ፊት ቆመ፤ ይህ ያንቺ ሥራ ነው፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ትነሻለሽ አላት። የሴራሚኩም ነገር በዚያው ቀረ።

ግቢው ሲበተን ዳፑ ኒሙ ሥር ቀርታ ነበር። ጥፍሮቿ ሥር ቀይ አለ። ማንጁ ክንዷን ያዘቻት።

«ያን ሁሉ አስተምሬሽ? አምላክ ነው ብለሽ?»

ዳፑ ግራ ገብቷት አየቻት። «አምላክ እንዲሆን አይደለም፣ ቲቸር። ይጠጣል ብለውን የለ? ውሃ ይደርቃል። ዘይት ግን አይወጣም፣ ማድቤታችን ንጣፍ ላይ አይቼዋለሁ። ነጋዴው ንጹህ ነው የሚፈልገው ብለውኛል። ሲንዱሩን የጨመርኩት ከሩቅ እንዲታይ ነው።»

ማንጁ ክንዷን ለቀቀችው።

«ሲንዱሩን ከየት አመጣሽ?»

«እናቴ ሰጠችኝ። ያላት በሙሉ ይሄው ነው። የአባትሽ ድንጋይ ነው፣ ሂጂ ቀቢው አለችኝ።»

ሲንዱር ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ነው የምታደርገው። ማንጁ ይህን ሲያስረዷት ያደገች አይደለችም፣ ከእናቷ ራስ ላይ እያየች ያደገች ናት፤ የዳፑ እናት ያላትን በሙሉ የሰጠችው ባሏ እንደማይተርፍ አውቃ መሆኑ ገባት። ቀዩ ንጣፍ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ስትነሳ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ንዴቷ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ዳፑን እጇን ይዛ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ጎርዳን ላል ነገሩን ሁሉ በመስኮት ሲያይ ነበር የቆየው። ሳህኑ ላይ የገለበጠው ሻይ ሳይጠጣ ቀዝቅዟል።

«ያሉኝን አደረግኩ፣» አለችው። «ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ጠጣ። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ይስጡኝ።»

ስለ ጡረታው ሊናገር አፉን ከፈተ። ዳፑ ቀዩን መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለልጅቷ ሰጣት።